አማርኛ ስለምናወራለት ነው እንዴ ልጄ አፉን ያልፈታው?

እህቴ ጥያቄሽን ሁለት ሶስቴ አነበብኩት። ሌላም እናት ብታነበው እንዲጠቅማት መጀመሪያ ባጭሩ ላስቀምጠው። ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ነው ያላችሁት። ወንዱ ልጅሽ 3 ዓመት ከ8 ወር ሆኖታል፣ ሁለት ሁለት ቃል ነው የሚያወራው፣ ግማሹ አማርኛ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ከቤት ሰው ውጪ የሚለውን የሚረዳው የለም። የዴይኬር አስተማሪዋ ኢቫልዌሽን፣ ማለት የንግግር ግምገማ፣ ይደረግለት ብላ ወረቀት ልካለች። ባለቤትሽ ደግሞ ሁለት ቋንቋ አደናግሮት ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ብሏል፣ እና አብረዋችሁ ያሉት እናትሽ እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ይኸው ሶስት ሳምንታቸው፣ ልጁን በዝምታ እያበሉ በዝምታ እያስተኙ። የ8 ዓመቷ እህቱ አማርኛ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛውን እናቁም ወይ ነው የምትዪው።

እኔ የልጆች የንግግርና የቋንቋ ቴራፒስት ነኝ፣ እዚሁ ዲሲ አካባቢ ነው የምሠራው፣ ይሄን ጥያቄ ከኛ ሰው የማልሰማበት ወር የለም። አማርኛውን አታቁሙ። ልጁን ደግሞ አስመርምሩት፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ። ሁለቱ ተጠላልፈው በአንድ ቀን ስለመጡብሽ ነው እንጂ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ባለቤትሽ ልጁ ችግር ሊኖረው ይችላል ብሎ መፍራቱ ትክክል ነው፣ ምክንያቱ አማርኛ ነው ማለቱ ግን ስህተት ነው።

ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን ከመናገር አያዘገይም። ይሄ በብዙ ሀገር በብዙ ቋንቋ የተጠና ነገር ነው፣ ደግሞ እኛ ለዚህ ጥናት መጠበቅም አልነበረብንም፣ ሐረር ብትሄጂ ቤቱ ሐረሪ፣ ገበያው ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤቱ አማርኛ እየሆነበት ያደገ ልጅ ስንት አለ፣ አዲስ አበባም ቢሆን ቤት ጉራጊኛ ደጅ አማርኛ እያወሩ ያደጉ ሰዎች ጓደኞችሽ ውስጥ አይጠፉም። እውነተኛ የቋንቋ ችግር ያለበት ልጅ ችግሩ በሁለቱም ቋንቋ ነው የሚታየው፣ አንዱን ቋንቋ ስትወስጂበት ችግሩ አብሮ አይሄድም፣ ቋንቋው ብቻ ነው የሚሄደው። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ሳይቀሩ ሁለት ቋንቋ ይይዛሉ፣ ሁለተኛው ቋንቋ ጎዳቸው የሚል ነገር አልተገኘም።

ይቀላቅላል ያልሽው አስፈራሽ መሰለኝ። ጽሑፍሽ ላይ አንድ ቦታ ሳታስቢው ያስገባሻት ዓረፍተ ነገር አለች፣ «ቶዮቼን አምጪ» ይለኛል ብለሻል። እኔ እሷን ሳነብ ደስ ነው ያለኝ፣ እስቲ አብረን እንያት። ቶይ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። እሱ ግን ብዙ ስለሆኑ ኦች ጨመረባት፣ የራሱ ስለሆኑ ቶዮቼ አደረጋት፣ የሚመጡት እነሱ ስለሆኑ ን ለጠፈባት፣ ከዛ ደግሞ ሴት ስለሆንሽ አምጣ ሳይሆን አምጪ አለሽ። አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ላይ የአማርኛ ሰዋስው ደርድሮባታል እኮ! የተደናገረ ልጅ እንዲህ አያደርግም። ቃሉ በአንዱ ቋንቋ ሲጠፋው ከሌላው ይበደራል፣ እኛስ ሚስ አደረግኩሽ፣ ፓርክ አድርጌ መጣሁ አይደለም እንዴ ስንል የምንውለው። ግን እንዲህ ያለ ነገር ስንት ጊዜ ይላል? በቀን አንዴ ነው ወይስ አስሬ? ይቺን እመለስባታለሁ።

አማርኛውን አቁሙ የሚል ምክር ምን እንደሚያመጣ ያየሁትን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት አንድ ቤተሰብ መጡ፣ አንድ ሐኪም ለልጁ እንግሊዝኛ ብቻ አውሩለት ብሏቸው ዓመት ሙሉ እንደዛ አድርገዋል። እናትየው ምንጣፉ ላይ ከልጁ ጋር ቁጭ ብላ ኳሷን ታንከባልላለች፣ ጉድ ጆብ፣ ጉድ ጆብ፣ ኖ፣ ስቶፕ፣ ጉድ ጆብ። በቃ ይሄው ነው። ከዛ ስልኳ ጠራ፣ እህቷ ነበረች፣ እና ያቺ ዝም ያለች ሴትዮ በአማርኛ ምኑን ምኑን አወራችው፣ ትስቃለች፣ ትቆጣለች፣ እጇ ራሱ ያወራል። ልጁ ኳሱን ትቶ አፍ አፏን ያያታል። ስልኩን ስትዘጋ እንደገና ጉድ ጆብ ሆነች። እኔ ያን ቀን ነው የገባኝ፣ ልጁ እንግሊዝኛ አላተረፈም፣ እናቱን ነው ያጣው። እኛ ለሥራ የሚሆን እንግሊዝኛ አለን፣ ለሺፍት፣ ለባንክ፣ ለቀጠሮ፣ ግን ልጅ የሚያባብል፣ የሚተርት፣ ለምን ጨለማ እንደሚመጣ የሚያስረዳ እንግሊዝኛ ብዙዎቻችን የለንም። ባለቤትሽ ራሱ ለአንድ ቀን ይታዘብ፣ ለልጁ በእንግሊዝኛ ያለው ውስጥ ካም ሂርና ሲት ዳውን ሲወጣለት ምን እንደሚተርፍ።

እሺ፣ አሁን ወደሚያሳስበው ክፍል። የዴይኬሯ አስተማሪ የላከችው ወረቀት ስድብ አይደለም፣ ደግ ሥራ ነው የሠራችው። በ3 ዓመቱ የልጅ ንግግር አብዛኛውን ጊዜ ለባዕድ ሰው ሊገባ ይገባል፣ 4 ሲሞላው አራትና ከዛ በላይ ቃል ያለው ዓረፍተ ነገር ይጠበቃል፣ ሲዲሲ፣ የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል፣ ለወላጆች የሚያወጣው የዕድገት ዝርዝር ላይ እንዲህ ነው ያለው። ያንቺ ልጅ ሁለቱንም ቋንቋ ደምረንለት እንኳን ወደኋላ ቀርቷል። ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ አጎቱም እስከ 5 ዓመቱ አልተናገረም፣ ሲደርስ አፉን ይፈታል የሚሉሽ ሰዎች በቀና ልብ ነው፣ የአንዳንዱም ልጅ እውነት ይፈታል፣ ግን የትኛው በራሱ እንደሚፈታ የትኛው እርዳታ እንደሚፈልግ ከሩቅ አይታወቅም፣ እየጠበቁ ያለፈው ዓመት ደግሞ አይመለስም። ጠበል ልውሰደው ካልሽ ውሰጂው፣ እኔም አማኝ ነኝ፣ ቀጠሮውን ግን በሱ ምክንያት እንዳታስተላልፊ።

ከሁሉ በፊት ጆሮው። እባክሽ ይሄን አትዝለዪው። ሲወለድ ሆስፒታል ተመርምሮ አልፏል ልትዪኝ ትችያለሽ፣ ያ የዛሬ 3 ዓመት ከ8 ወር ነው። ጉንፋን የሚደጋግመው ልጅ ከጆሮው ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ሊቋጥር ይችላል፣ ሁልጊዜ ሕመም የለውም፣ ትኩሳት የለውም፣ ልጁ ግን ውሃ ውስጥ ሆኖ እንደሚሰማ ሰው ይሆናል፣ አንዳንድ ቀን ይሰማል አንዳንድ ቀን አይሰማም፣ እኛ ደግሞ እልኸኛ ነው እንላለን። ሐኪሙን ኦዲዮሎጂስት ጋር፣ ማለት የመስማት ምርመራ ባለሙያ ጋር፣ ሪፈራል ጻፍልኝ በዪው።

ቤት ውስጥ አንቺ ራስሽ የምታዪው ነገር ደግሞ አለ። እናትሽ «ሁሉንም ይሰማኛል» ይላሉ ብለሻል። ይሆናል፣ ግን አያቶች ሲያወሩ እጃቸውም አይናቸውም አብሮ ነው የሚያወራው፣ ጫማህን አምጣ ሲሉት በአገጫቸው ወደ ጫማው ያሳያሉ፣ ልጁ አገጩን አይቶ ነው የሚሄደው ወይስ ቃሉን ሰምቶ? እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርገሽ፣ አይንሽን ከሱ ሳታነሺ «ጫማህንና ኮፍያህን አምጣ» በዪው። ሁለቱንም ካመጣ ትልቅ ነገር ነው፣ መስማቱ ከመናገሩ ቀድሟል ማለት ነው። ጭራሽ ካልገባው ይሄን ለሚመረምረው ሰው ንገሪ። ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል ከሆነ፣ የሚፈልገውን በጣቱ የማያሳይ ከሆነ፣ በተለይ ደግሞ በፊት ይላቸው የነበሩ ቃላት የጠፉበት ከሆነ፣ እነዚህን አትደብቂ፣ ሳይጠይቁሽም ተናገሪ።

ኢቫልዌሽኑ በትምህርት ቤት ዲስትሪክቱ በኩል ነው፣ ልጁ ዴይኬር ብቻ ቢሆንም፣ ገና ኪንደርጋርተን ባይገባም። የልዩ ትምህርት ሕጉ አይዲኢኤ ይባላል፣ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ሕግ ነው፣ ከ3 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ምርመራውም አገልግሎቱም በነጻ ነው። (3 ያልሞላው ልጅ ያላችሁ በሌላ በር ነው የምትገቡት፣ የሕፃናቱ ፕሮግራም ለብቻው ነው፣ ሐኪማችሁን ጠይቁ።) ጥያቄውን በስልክ ብቻ እንዳታቀርቢ፣ በጽሑፍ ይሁን፣ ኢሜይል በቂ ነው፣ ቀን ይኑረው፣ የልጁ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ልጄ የንግግርና የቋንቋ ግምገማ እንዲደረግለት እጠይቃለሁ፣ ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው፣ ለስብሰባው የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ። ለምን በጽሑፍ? ቨርጂኒያ ውስጥ ጥያቄው ከደረሳቸው ቀን ጀምሮ በ65 የሥራ ቀን ውስጥ ገምግመው ልጁ አገልግሎት ይገባዋል ወይስ አይገባውም ብለው መወሰን አለባቸው፣ ቀኑ የሚቆጠረው ደግሞ ማስረጃ ሲኖርሽ ነው። ሜሪላንድ ላላችሁ ፈቃዱን ከፈረማችሁ በኋላ 60 ቀን ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሕጉ ልጁ በሚችለው ቋንቋ፣ እስከተቻለ ድረስ፣ ይገምገም ይላል። እንግሊዝኛ ስላልቻለ ብቻም ችግር አለበት ተብሎ ሊወሰንበት አይችልም። በእንግሊዝኛ ብቻ ሥዕል እያሳዩ ይሄ ምንድነው ካሉት የሚያዩት ግማሹን ልጅ ነው። ውሻን በአማርኛ ያውቃል፣ ባይክን በእንግሊዝኛ ያውቃል፣ ማንኪያን በአማርኛ፣ አይስክሬምን በእንግሊዝኛ፣ መደመር አለበት። ድምፆቹም እንደዛው ናቸው፣ this የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ዚስ» ቢል አማርኛ ውስጥ ያ የምላስ ጫፍ ድምፅ ስለሌለ ነው፣ በሽታ አይደለም፣ በተቃራኒው ቆንጆን ኮንጆ፣ ጠጅን ተጅ ቢልሽ እንግሊዝኛ ውስጥ «ቀ» እና «ጠ» የሉም፣ ደግሞም በየትኛውም ልጅ ላይ ዘግይተው ከሚጠሩት ውስጥ ናቸው። አማርኛ የማያውቅ ቴራፒስት ይሄን በራሱ አያውቅም፣ የምትነግሪው አንቺ ነሽ። እና አንድ የቤት ሥራ ልስጥሽ፣ ለአንድ ሳምንት ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ለጥፊ፣ የሚላትን እያንዳንዷን ቃል በየትኛውም ቋንቋ ጻፊ፣ ቶዮቼን አምጪን ያክል ረጅም ነገር ሲመጣ ደግሞ ቀኑን ጨምሪበት። ስንት ጊዜ ይላል ያልኩሽ መልሱ እዛ ላይ ነው የሚገኘው። ከእናትሽ ጋር ሲጫወትም በስልክሽ ሁለት ሶስት ደቂቃ ቅረጪው። ባዕድ ክፍል ውስጥ ዝም የሚል ልጅ ብዙ ነው፣ ያቺ ቪዲዮ ከስንት ፈተና ትበልጣለች።

አስተርጓሚው የነሱ ግዴታ ነው፣ ያንቺ ወጪ አይደለም። ልጅሽ በፍጹም እንዳታስተረጉም። የ8 ዓመት ልጅ ስለ ወንድሟ ችግር ሰዎች የሚሉትን ሰምታ ለእናቷ መንገር የለባትም፣ ደግሞ እንዳትጨነቂ ብላ ታለዝበዋለች፣ ያን ሲያደርጉ አይቻለሁ። አንዳንድ ሰው ደግሞ ትምህርት ቤት ሲያስመዘግብ ቤት የሚነገር ቋንቋ የሚለው ላይ እንግሊዝኛ ብሎ ይሞላል፣ ልጄን ይለዩብኛል ብሎ። እውነቱን ሙሉት፣ አማርኛ ካልተባለ የአማርኛ ግምገማ ከየት ይመጣል?

ወረቀታችሁ ያላለቀ ካላችሁም አትፍሩ፣ ትምህርት ቤት የልጁን የመኖሪያ ፈቃድ አይጠይቅም፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወረቀት የለውም ተብሎ ልጅ ከሕዝብ ትምህርት ቤት አይከለከልም ብሎ ወስኗል። ስሙ ይበላሻል የሚለው ስጋት ደግሞ የብዙ አባቶች ነው። ያላንቺ ፊርማ አይገመግሙትም፣ ያላንቺ ፊርማ አገልግሎት አይጀምሩለትም፣ ፋይሉን ለሰው አያሳዩም፣ ሲሻለው ደግሞ ይወጣል። 65 የሥራ ቀን እስኪያልቅ ሐኪሙ ሪፈራል ከጻፈልሽ በኢንሹራንስ ቴራፒ መጀመር ትችያለሽ፣ ሜዲኬይድ (ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው የመንግሥት የጤና መድን) ያላቸው ልጆችም አስፈላጊ ከሆነ ይሸፈንላቸዋል።

አሁን እናትሽ። እንደኔ ያለ ቴራፒስት በሳምንት አንዴ ለግማሽ ሰዓት ነው የሚያየው፣ እሳቸው ቀኑን ሙሉ አብረውት ናቸው፣ እና ይሄን የመሰለ ሰው ሶስት ሳምንት ዝም እንዲል መደረጉ ያሳዝነኛል። ዛሬ ማታ ይቅርታ ጠይቃችሁ አፋቸውን ክፈቱላቸው። ትምህርት አይስጡት፣ ይሄ ምንድነው፣ በል፣ ድገም፣ ንገራት፣ እሱ ይቅር። ልጅ በጥያቄ ሲፋጠጥ ይዘጋል። የሚሠሩትን ብቻ ያውሩት። ቡና ሲያፈሉ ጎናቸው ያስቀምጡት፣ ቡናው ታጠበ፣ ቡናው ተቆላ፣ ጭሱ መጣ፣ አሽትት፣ ኡፍ በል ይሞቃል። አንድ ቡና በቀን፣ ያቺው ቃል ያቺው ቦታ ላይ ሳትለወጥ በወር ስንቴ እንደምትመጣ አስቢው፣ እኛ በክሊኒክ በስንት ዘዴ የምንፈጥረው ድግግሞሽ ነው። እሱ «ቡና» ካለ እሳቸው አንድ ቃል ብቻ ጨምረው ይመልሱለት፣ «ቡና ፈላ»። «ሚልክ ፈሰሰ» ካለ «አዎ፣ ወተቱ ፈሰሰ»፣ ሚልክ አይባልም ወተት በል ማለት የለም፣ ትክክለኛዋን ሰምቶ ይለፍ። ከዛ ዝም ብለው ይጠብቁት፣ በልባቸው እስከ አስር ይቁጠሩ። ይሄ ነው ለኛ አያቶች የሚከብደው፣ ልጁ ወደ ውሃው ሳያይ ውሃ እጁ ላይ ነው፣ ሳይራብ ጉርሻ አፉ ላይ ነው፣ ፍቅራቸው ነው፣ ግን ምን ሊል ይናገር? ሁለተኛዋን ጉርሻ ትንሽ ያቆዩዋት፣ አይን አይኑን እያዩ። ድምፅ ካወጣ ወዲያው ያጉርሱት።

ማታ ደግሞ ተረት። ተረት ተረት ሲሉ የላም በረት፣ እንቆቅልህ ሲሉ ምን አውቅልህ፣ ልጁ የሚመልሰው ሁሌም ያው ስለሆነ ቃል መፈለግ አይጠበቅበትም፣ ተራውን ጠብቆ መመለስ ብቻ ነው፣ ለዘገየ ልጅ ይሄን የመሰለ ነገር የለም። መጀመሪያ በረት ብቻ ቢል በቂው ነው። አይፓዱን ቀንሱ፣ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ለዚህ ዕድሜ በቀን አንድ ሰዓት ነበር ያለው፣ አዲስ አበባ ካሉ ዘመዶች ጋር ቪዲዮ ኮል ግን እዛ ውስጥ አይቆጠርም፣ ያ ሰው ነው።

ልጅሽ ለምን በእንግሊዝኛ እንደምትመልስ ጠይቂያት፣ ምናልባት የተሳቀባትን አንድ ቀን ታስታውስ ይሆናል። አንዲት እሷን የምታክል ልጅ እንግዶች በተሰበሰቡበት «አባዬ ነይ» ብላ ጠራች፣ ቤቱ በሳቅ አለቀ፣ ደግመው አስባሏት፣ ቪዲዮ አነሱ። ከዛ ወዲህ አማርኛ ከአፏ አልወጣም። ለምን ነይ አለች? ሰው ሁሉ ሲጠራት ነይ ነበራ የሚላት። ሀገር ቤት ብትሆን ና፣ ነይ፣ ይምጡ ሲባል በየደጁ ስትሰማ ትውል ነበር፣ እዚህ የምትሰማው ከሶስት ሰው አፍ ነው፣ ያንቺም ልጅ ወንድሟ እስኪወለድ ከ4 ዓመት በላይ ቤት ውስጥ ብቸኛ ልጅ ነበረች። እናትሽን አንቺ ብትላቸውም ንቀት አይደለም፣ እርስዎን የምትሰማበት ቦታ አንሶ ነው። አትሳቁ፣ አታርሟት፣ ትክክለኛዋን ብላችሁ ወሬያችሁን ቀጥሉ። በእንግሊዝኛ ስትመልስም አንቺ በአማርኛሽ ቀጥዪ፣ አልገባኝም ብለሽ አታስመስዪ፣ እንደገባሽ ታውቃለች።

ለባለቤትሽ ይሄን ጽሑፍ ከማሳየትሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂው፣ እዚህ ሀገር ሲመጣ እንግሊዝኛው ላይ ማን ምን ብሎት እንደነበር። ልጄን አማርኛ አታውሩት የሚሉኝ አባቶች አብዛኞቹ በንግግራቸው የተሳቀባቸው ሰዎች ናቸው፣ ልጃቸው ያ እንዳይደርስበት ነው። ልጁ እንግሊዝኛውን ከዴይኬር፣ ከእህቱ፣ ከመንገድ ያገኘዋል፣ የሚከለክለው የለም። አባቱ ሊሰጠው የሚችለው ግን የሱን ወሬ ነው፣ በሚጣፍጥበት ቋንቋ። ማታ ሲገባ አሥር ደቂቃ፣ ስልኩን መኪና ውስጥ ትቶ፣ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ውሎው ይንገረው። ኡበር ስነዳ ዝናብ መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ አንድ ትልቅ ውሻ መኪናዬ ውስጥ ገባ።

ኢሜይሉን ሰኞ ጠዋት ላኪው፣ የጆሮ ቀጠሮውንም ያኑ ቀን ያዢ። ማቀዝቀዣው ላይ ያለው ወረቀት ሳምንት ሲሞላው ቆጥረሽ ጻፊልኝ፣ ሁለቱን ቋንቋ ደምረሽ፣ የሁለት ቃል ሐረጎቹንም ለብቻ። እሱን ካየሁ በኋላ ለስብሰባው ምን ይዘሽ እንደምትገቢ አብረን እናወጣለን። እማማንም ሰላም በይልኝ።